ቀለም የበላ ሸራ

ያየችው ልጄ ናት። ሚኒሶታ ያለው ሚል ላክስ ሐይቅ ደርሰን ሸራውን ገፍፌ ሳበቃ፣ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ጠጋ ብላ በጣቷ ዳሰስ አደረገችና «አባዬ፣ እዚህ ጋ ለምንድን ነው የማያበራው?» አለችኝ።

መጀመሪያ አቧራ መሰለኝ። በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩት፤ አልለቀቀም። ጎንበስ ብዬ በፀሐይዋ አንጻር ሳየው ነጣ ያለ ጭጋግ ነው፤ ቅርጹ ግማሽ ጨረቃ ይመስላል። ጠጋ ሲሉት ደግሞ ፀጉር የሚያካክሉ ጭረቶች አሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተጋድመዋል። በሌላኛውም ጎን አለ። ከኋላ ጥጎቹ ላይም አለ። የላስቲክ ገመዱ መንጠቆ ያረፈበት ቦታማ ቀለሙ ተልጦ ነጩ ታይቷል።

ያንን ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ። 17 ጫማ የሆነች አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ ገዝቼ፣ የፀደዩን ቅዳሜና እሁድ በሙሉ እዚህ ሚኒያፖሊስ ጋራዤ ውስጥ አሳለፍኩ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ አጥቤ፣ ከሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የሚቀባውን ፖሊዩሬቴን የተባለ ቀለም ሦስት ጊዜ ቀባሁ። ጥቁር ሰማያዊ ነው። ሲያልቅ ፊቴ ይታይበት ነበር። ከዚያ ከዕቃ መደብር በ35 ዶላር የፕላስቲክ ሸራ ገዝቼ ጣል አደረግኩባት፤ በላስቲክ ገመድ ወጠር ወጠር አድርጌ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ጎተትኳት። በመስታወት ሸራው ሲነፋና ሲረግብ አይቼዋለሁ። «ጨርቅ ምን ያደርጋታል?» ብዬ ነው ያለፍኩት።

ማታ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ጋሼ ኮምቦልቻ ነው ያለው። በወጣትነቱ በአሰብ መንገድ በኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ጀምሮ ሾፌር ሆኗል። ስለ ጀልባ ምንም አያውቅም። ሸራ ግን ያውቃል።

«ሸራው ይንቀሳቀስ ነበር?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ትንሽ ይነፋ ነበር።»

«ታዲያ ምኑን ትጠይቀኛለህ? የሚነፋ ሸራ እንኳን ቀለም ጆንያ ይበሳል።»

ይሄው ነው ነገሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ አነበብኩ፣ ብዙ ሸራ በእጄ ዳሰስኩ፣ ሸራ የሚሰፉ ሰዎችን ጠየቅሁ። ሁሉም ዞሮ ዞሮ እዚያው ጋሼ ያለው ላይ ነው የሚመጣው። ቀለሙን የሚበላው የሸራው መንቀሳቀስ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ አቧራ አለ። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ብርጭቆ ይጭራል። ሸራው እየተነፋ ሲመታ ያንን አሸዋ ይዞ ይፈትጋል፤ ማለትም መንገዱን ሙሉ ጀልባችሁን በብርጭቆ ወረቀት እያሻችሁ ነው። እኔ ደግሞ ሳላጥባት ነበር የሸፈንኳት። ጋራዥ ውስጥ ስፈገፍግ የነበረው ብናኝ ሳይቀር ላይዋ ላይ ነበር።

ፍጥነቱም አለ። የነፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አይሄድም፤ በስኩዌሩ ነው የሚጨምረው። በሰዓት ከ60 ማይል ወደ 70 ስትወጡ ፍጥነታችሁ በ17 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ሸራውን የሚያነሳው ግፊት ግን በ36 በመቶ። እኔ አሁን 60 ላይ ነኝ። የቸኮለ ይለፈኝ።

አንድ ሌላ ስህተትም ሠርቻለሁ። የመጨረሻውን ቀለም ከቀባሁ ሳምንት እንኳን ሳይሞላ ነው የሸፈንኳት። በእጅ ሲነካ ደርቋል፤ ደርቋል ማለት ግን ጠንክሯል ማለት አይደለም። ይሄ ዓይነቱ ቀለም ውስጥ ውስጡን ለመጠንከር ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ፕላስቲክ አይተነፍስም። ጠዋት የገባው ጤዛ እዚያው ታፍኖ ይቀራል፤ እርጥበት ከፕላስቲክ ሥር ተኝቶ ሲሞቅ አዲስ ቀለም ያሳብጣል። የእኔ አላበጠም፤ ተርፌያለሁ።

አሁን ስለ ሸራው ምርጫ። ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ ለሁሉም ይሆናል ተብሎ በርዝመት ብቻ የሚሸጠው ነው፤ ከ16 እስከ 18 ጫማ ይልና ሲለብስ እንደ ታላቅ ወንድም ኮት ይንጠለጠላል። ሁለተኛው ለጀልባው ሞዴል ተብሎ አስቀድሞ የተሰፋ ነው። ሦስተኛው ጀልባዋን ሸራ የሚሰፋ ሰው ጋ ወስዳችሁ በልክ የምታሰፉት ነው፤ እኔ የተጠየቅሁት ዋጋ አቅሜ አልነበረም። ሁለተኛውን መረጥኩ። ለመጎተት የመጀመሪያውን ለማንም አልመክርም፤ ጨርቁ የፈለገውን ያህል ጥሩ ይሁን። ትርፍ ጨርቅ ባለበት ሁሉ ነፋስ ይገባል።

ስለ ጨርቁ ስትጠይቁ ዴኒየር የሚል ቃል ትሰማላችሁ። 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። 300 ዴኒየር ሳሳ ያለ ነው፤ ግቢ ውስጥ ለቆመ ጀልባ ይበቃ ይሆናል። ለአውራ ጎዳና 600 ዴኒየር ፖሊስተር ወሰድኩ። ብዙ ሰው ሰንብሬላ የሚባለውን አክሪሊክ ያደንቃል፤ እውነትም ፀሐይ የማይበግረውና የሚተነፍስ ጨርቅ ነው። ወደብ ላይ ለምትቆም ጀልባ ቢሆን እሱን እገዛ ነበር። ለመጎተት ግን ይሳሳባል፣ ፍትጊያም ቶሎ ይበላዋል። ፖሊስተር ሲወጠር ተወጥሮ ይቆያል።

ውስጡ ለስላሳ ሱፍ የመሰለ ሸራም አሳዩኝ። እጄን ሳስገባ ደስ አለኝ፤ ልገዛው ምንም አልቀረኝም። ሸራ የሚሰፋው ሰውዬ ግን ገልብጦ አራገፈው። ከመደርደሪያው ላይ የሰበሰበው አቧራ ቦለል አለ። ለስላሳ ነገር አሸዋ ይይዛል፤ ከያዘም አይለቅም። ልሙጥ ከሆነ ግን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጉታላችሁ። ሳትገዙ የምትሞክሩት ቀላል ዘዴ አለ፤ የማትፈልጉትን ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ። የሚያበራውን ፊቱን በሸራው ውስጠኛ ገጽ፣ ቀጥሎ በስፌቱና በጠርዙ ሃያ ሠላሳ ጊዜ እሹት። እኔ ስሞክር ልሙጡ ጨርቅ ላይ ምንም አላሳየም፤ ጠርዙ ላይ የተሰፋው ናይለን ግን መስመር በመስመር አደረገው። ስለዚህ ጠርዙ የት እንደሚያርፍ ማየት አለባችሁ። ከጀልባዋ ጎን ዙሪያዋን ካለው ጎማ በታች ወርዶ የሚቀር ከሆነ፣ ሲወጠር ጎማው ላይ ይደገፍና ከቀለሙ ይርቃል።

ከሸራው ይልቅ ብዙ ጊዜ ያጠፋሁት ማሰሪያው ላይ ነው። አንዳንዱ ሸራ ቀበቶው በጀልባዋ ሆድ ሥር አልፎ ወዲያ ማዶ ይቆለፋል። እንዳታደርጉት፤ ሆዷን ይፈቀፍቃል። ቀበቶው ወደ ታች ወርዶ ጀልባዋ የተጫነችበት ተጎታች (ትሬይለር) ብረት ላይ ይታሰር። የፕላስቲክ መቆለፊያው ቀለም ላይ እንዳያርፍ አጭር አድርጋችሁ ከትሬይለሩ አጠገብ አቆዩት። ደግሞ ቀበቶውን ከማጥበቃችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጠምዝዙት። ጠፍጣፋ ቀበቶ በነፋስ እየጮኸ ይርገበገባል፤ ከተጠመዘዘ ዝም ይላል። ይህችን ስሞክር ጩኸቱ ወዲያው ጠፋ፤ የ160 ኪሎ ሜትር ራስ ምታቴም አብሮ ሄደ።

ሸራው የግድ የሚነካቸው ቦታዎች አሉ፤ የአፍንጫዋ ጫፍ፣ የገመድ ማሰሪያ ብረቶቹ፣ የንፋስ መከላከያው ጥጎች። እዚያ ላይ የውሃ ቧንቧ የሚለብሰውን የስፖንጅ ቱቦ ቆርጬ ሰንጥቄ አለበስኳቸው፤ በላዩ ንጹሕ ካናቴራ ጠቀለልኩ። ካናቴራው በየጉዞው ይታጠባል። መሐል ላይ ሸራውን ከሚደግፈው ምሰሶ ተጠንቀቁ፤ መንገድ ላይ ወድቆ ሸራው ከረገበ ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ገባ። የእኔን ከወለሉ ጋር በቀበቶ አስሬዋለሁ። ከኋላ በኩል አየር ማስወጫ ያለው ሸራ ካገኛችሁ ውሰዱ፤ የገባው ነፋስ መውጫ ሲያገኝ ሸራው አይነፋም።

ጋሼ አንድ ነገር ደግሞ ነግሮኛል፤ «አጥብቄያለሁ ብለህ እንዳትሄድ። አሥር ኪሎ ሜትር ሂድና ቁም፤ ላልቶ ታገኘዋለህ።» እውነቱን ነው። ከቤት ወጥቼ የመጀመሪያው ማደያ ላይ ቆሜ ስነካው ሁልጊዜ ጣት የሚያስገባ ያህል ላልቷል። አጠብቀዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሐይቁ አያስቸግረኝም።

ስመለስ አልሸፍናትም። በሚኒሶታ ሕግ ጀልባ መንገድ ላይ ስትጎተት የውሃ ማፍሰሻዋ ውታፍ ወልቆ መሆን አለበት፤ ከሐይቁ ሲወጡም ውሃውን አራግፎ፣ አረሙን ለቅሞ ነው። ያም ሆኖ ምንጣፉ እርጥብ ነው፣ ጎኗም እርጥብ ነው። እርጥብ ጀልባ ሸፍኖ ከመጎተት ራቁቷን መጎተት ይሻላል። ዝናብ ቢመታት ምንም አይደል፤ ውሃ ለምዳለች። ቤት ስንደርስ አጥባታለሁ፣ ትደርቃለች፣ ከዚያ ትለብሳለች።

አፍንጫዋ ላይ ያለው ግማሽ ጨረቃ ግን እስካሁን አለ። ጄልኮት (የፋይበርግላስ ጀልባ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ሽፋን) ቢሆን ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ስላለው በፖሊሽ አሽቼ አወጣው ነበር። የእኔ ቀለም ስስ ነው፤ መመሪያውም የሚፍቅ ነገር አታስነኩት ይላል። በሚመጣው ፀደይ አፍንጫዋን እንደገና እቀባታለሁ፤ በዚህ ጊዜ አንድ ወር ሙሉ አልነካትም።

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ሸራውን ስገፍፈው ልጄ ሮጣ መጥታ ሌላውን ጫፍ ያዘች። እንደ ጋቢ ነው የምናጥፈው፤ እሷ ወደ እኔ ትመጣለች፣ ጫፉን ትሰጠኛለች፣ ተመልሳ የታጠፈውን ታነሳለች። የውስጡ ፊት ከውስጡ ፊት ጋር ይገጥማል፤ የመንገዱ አቧራ ውጪ ይቀራል። መሬት እንዳይነካ ክንዶቿን ከራሷ በላይ ዘርግታ ነበር። «አባዬ፣ ከፍ አድርግ፣ ከፍ!» ትለኛለች።