ሰላምታው ከሦስቱ ሰረዞች በታች

በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ከአዳማ ደውሎ፣ ፉል ስታክ ዴቨሎፐር (የድር ገጽን ፊቱንም ጀርባውንም የሚሠራ ባለሙያ) ሆኖ ጀርመን ለመግባት ስንት ወር እንደሚፈጅ ጠየቀኝ፤ ማታ ማታ ለሊኑክስ፣ ኮዱ ለሁሉ ክፍት ለሆነው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ያለ ክፍያ እንደምሠራ ስነግረው ግን «አውሮፓ ድረስ ሄደህ በነፃ?» ብሎ ከልቡ ሳቀብኝ። ሌሎች ወዳጆቼም ይህንኑ ስለሚጠይቁኝ አንድ ጊዜ ጽፌ ብገላገል ይሻላል።

እዚህ ሽቱትጋርት እንጀራዬን የማገኘው ከድር ሥራ ነው፤ ቀን ቀን የአንድ ድርጅትን ገጽ ፊቱን በሪአክት፣ ጀርባውን በጃቫ ስሠራ እውላለሁ። ማታ በሲ ቋንቋ የምጽፈው የከርነል፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ኮድ ሳንቲም አያስገኝም፤ ሆኖም ሰርቨሩ ማህደረ ትውስታ አልቆበት ሲንገዳገድ፣ ሌላው አጥፍቶ ከማብራት ሌላ መላ ሲያጣ፣ እኔ ምክንያቱን ከሥሩ ለመፈለግ የደፈርሁት በዚያ ሥራ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ሦስት መስመር ነበር፤ አንድ የሙቀት መለኪያ ድራይቨር (መሣሪያውን ከከርነሉ ጋር የሚያገናኝ ኮድ) ሥራ መጀመር ሲያቅተው የያዘውን ማህደረ ትውስታ ሳይለቅ ይወጣ ስለነበር፣ እንዲለቅ አደረግሁት። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ የጀመረው የሊኑክስ ፕሮጀክት፣ ሰውየው ራሱ በ2005 የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዘውን ጊትን ፈጥሮለት እንኳ፣ ዛሬም ለውጦችን የሚቀበለው በአብዛኛው በተራ ጽሑፍ ኢሜይል ነው። እኔም ኮዱን ለሚቆጣጠሩት ሰዎች እንደ አስተዳደጌ፣ እንደምን እንደ ሰነበቱ ጠይቄ፣ ጊዜያቸውን ስለምሻማ ይቅርታ ለምኜ ላክሁ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ሰላምታው ከሦስቱ ሰረዞች በላይ ስለሆነ በኮዱ ታሪክ ውስጥ ሊቀር ነው፤ አውጣው። ታቦቹም ወደ ባዶ ቦታ ተቀይረዋል፤ ፓቹ አይገባም።» ሦስቱ ሰረዞች (---) በኢሜይሉ ውስጥ ከኮዱ ጋር በታሪክ የሚቀረውን ማብራሪያ ከማይቀረው የሚለዩ ናቸው፤ ታብ ደግሞ የኮዱን መስመር ወደ ውስጥ ገባ የሚያደርገው ምልክት ነው። ስም መጥራት የለ፣ እግዜር ይስጥልኝ የለ። ታቦቹን ያበላሸው መልእክቱ ያለፈበት የመሥሪያ ቤቴ የኢሜይል ሰርቨር ነበር፤ ግን ይህን ማን ያጣራል? ደብዳቤው ለዓለም ሁሉ ክፍት በሆነ ማኅደር ስለሚቀመጥ፣ ስሜን የፈለገ ሁሉ እስከ ዛሬ ያነበዋል።

ምሳ ላይ ለጀርመናዊ ባልደረባዬ ባሳየው ምን እንዳስከፋኝ ሊገባው አልቻለም፤ በእነርሱ ዘንድ ካልተቆጡህ ተመስግነሃል ማለት ነው። እኛስ ብንሆን? አዲስ አበባ በሠራሁበት ቢሮ ኮዴን መጥፎ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም፤ «ትንሽ ነካ ነካ ብታደርጋት» ይሉኝና ከኋላዬ እንደ አዲስ ይጽፉት ነበር።

ፓቹን በጊት የኢሜይል መላኪያ በቀጥታ ስልከው ገባ። ከ2004 ጀምሮ ማንኛውም ላኪ እንዲፈርምበት በሚጠየቀው መስመር ላይ የእኔና የአባቴ ስም ሰፍሯል፤ በዚህስ ኮርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በገጠመኝ የሥራ ቃለ መጠይቅ፣ አዲስ አበባ ለዓመታት የደከምሁበትን የሥራ ልምድ ገጹን ገልብጠው አለፉት፤ ይህችን ሦስት መስመር ግን ከፍተው ግማሽ ሰዓት አፋጠጡኝ።

መምጣት ለምታስቡ፣ የጀርመን ሕግ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ በቂ የሥራ ልምድና ደህና ደመወዝ የሚያስገኝ ውል ላለው የኮምፒውተር ባለሙያ ያለ ዲግሪም ብሉ ካርድ (የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ) መፍቀዱ እውነት ነው። ሆኖም «ሦስት ወር ተማርና ትበራለህ» ለሚል ደላላ ገንዘባችሁን አታስረክቡ። የከርነል ሥራ ቪዛ አይጠይቅም፤ አዳማ ሆናችሁ፣ መብራትና ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ልትጀምሩት ትችላላችሁ። ከመላካችሁ በፊት ፓቹን ወደ ራሳችሁ አድራሻ ልካችሁ ታቦቹ ሳይነኩ መድረሳቸውን እዩ፤ ሰላምታችሁን ደግሞ ከሦስቱ ሰረዞች በታች ጻፉት፤ እዚያ የተጻፈውን ጊት ስለሚጥለው የቱንም ያህል ብታስረዝሙት ማንም አይቆጣችሁም።