የቆዳ ቁምጣ የማያደርጉት ጀርመኖች

ከጀርመን ውጭ «የጀርመን ምግብ ቤት» የሚል ታፔላ ካያችሁ ውስጡን ሳልገባ ልነግራችሁ እችላለሁ። ሰማያዊና ነጭ ባንዲራ፣ የቆዳ ቁምጣ ያደረጉ ወንዶች፣ ድርንድል የሚባለውን የባህል ቀሚስ የለበሱ ሴቶች፣ አንድ ሊትር የሚይዝ ጃምቦ፣ ጥሩምባ የሚነፋ ባንድ። የሙኒኩ ታዋቂ ቢራ ቤት ሆፍብሮይሃውስ እንኳን ኮፒው ላስ ቬጋስ ውስጥ በ2004 ተከፍቷል። ግን ይሄ ሁሉ ባቫሪያ ነው። 16 ክልል ካላት ሀገር የአንዷ ብቻ!

የሚያስቀው ደግሞ በርሊንም እንዲህ ያለ ቤት አለ። እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ በቅርቡ ለሥራ በርሊን ሄደን ማታ ባልደረቦቼ ጋር አንዱ ቤት ገባን። አንዱ የሀምቡርግ ሰው ነው፣ አንዷ የኮሎኝ ልጅ፣ ሌላው ሽቱትጋርት አካባቢ ያደገ ሽቫብ፣ ማለት የደቡብ ምዕራብ ሰው። ባቫሪያዊ የሚባል አንድም የለም። አስተናጋጁ ራሱ የቆዳ ቁምጣውን ታጥቆ የሚያወራው የለየለት የበርሊን አነጋገር ነው።

የሀምቡርጉ ሰውዬ፣ ባንዱ ጽዋ አንሱ ባለ ቁጥር፣ ዝም ብሎ ጣራ ጣራ ያያል። የሰሜን ሰው «ሞይን» ብሎ ሰላምታ ከሰጠ የቀኑን ንግግር ጨርሷል ይባላል፣ እሱም ስሙን አላስነቀፈም። የኮሎኟ ግን አላረፈችም። እነሱ ጋ ኮልሽ የሚባለው ቢራ የሚቀዳው 0.2 ሊትር በምትይዝ ቀጭን ብርጭቆ ነው። ስታልቅ አስተናጋጁ ሳይጠይቅ ሌላ ያመጣል፤ በቃኝ ካልክ የብርጭቆዋን ማስቀመጫ ካርቶን ከላይ ትከድንባታለህ። «ይሄ ባልዲ ግን ግማሽ ሳይደርስ ይሞቃል» አለች ጃምቦውን እያየች። እውነቷን ነው።

እኔ አሳማ አልበላም፣ ስለዚህ ሜኑው ላይ ያለው ቅልጥምና ቋሊማ ሁሉ አለፈኝ። ዶሮ አሮስቶ ነበር፣ እኔ ግን ኬዘሽፔትስለ አዘዝኩ፦ ከዱቄትና ከእንቁላል የሚሠራ የፓስታ ዘመድ ነው፣ አይብ ይቀልጥበታል፣ ላዩ ላይ የተጠበሰ ሽንኩርት አለው። ሽቫቡ ወዲያው «እሱማ የኛ ነው!» ብሎ ተነሳ። ሽቫቦች በቆጣቢነት ይታማሉ። ሂሳብ ሲመጣ ለየብቻ እንክፈል ሲል ሁሉም ሳቁበት፣ ጀርመን ሁሉ ለየብቻ እንደሚከፍል የረሱት ይመስል።

ታዲያ ለምን ባቫሪያ ብቻ? አንዱ ምክንያት አሜሪካኖች ናቸው። ከ1945 በኋላ ባቫሪያ የወደቀችው በነሱ ቀጠና ነው፤ እዚያ የኖረው ወታደር ሀገሩ ሲገባ ይዞት የሄደው ጀርመን የቢራ ድንኳንና ተራራ ነው። ኦክቶበርፌስት የሚባለው የሙኒክ የቢራ በዓል ደግሞ ከ1810 የልዑል ሉድቪግ ሠርግ ጀምሮ አለ፣ ለሽያጭ የሚሆን ታሪክ አልጠፋም። ልብሱ ራሱ አንድ ጊዜ ሊጠፋ ደርሶ ነበር፤ በ1883 ባይሪሽጼል በምትባል መንደር አንድ መምህር ማኅበር አቋቁሞ ነው ቁምጣውን ያተረፈው።

ባቫሪያ ውስጥም ቢሆን ነገሩ አንድ አይደለም። ኑረምበርግ ሄዳችሁ ሰውየውን «እናንተ ባቫሪያዎች» በሉትና ፊቱን እዩ! ፍራንክ ነኝ ይላችኋል፤ ፍራንኮች የሰሜን ባቫሪያ ሰዎች ናቸው። ከተማው ወደ ባቫሪያ የተጠቃለለው በ1806 በናፖሊዮን ዘመን ነው፣ ቅሬታው ግን ትናንት የሆነ ነው የሚመስለው።

እኛም ውጭ የምንከፍተውን ቤት ሳስበው ያው ነን። ሞሰብ፣ ጀበና፣ ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ። የጋምቤላ ሰው ገብቶ «ይሄ የኔ ነው» የሚለው ነገር ያገኛል? ለነገሩ ለፈረንጅ ሁሉንም ልናስረዳ ብንነሳ ምግቡ ይቀዘቅዛል።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው፦ የፍራንክፈርትን ቤት ላስ ቬጋስ የሚከፍት የለም። እንግዳ ሲመጣብኝ ዛክሰንሃውዘን የሚባለው የከተማችን ሰፈር ነው የምወስደው። ሰባት ዓይነት ቅጠል የሚገባበት አረንጓዴ ሶስ በተቀቀለ እንቁላልና ድንች ይቀርባል፣ አሳማ የለበትም። አጠገቡ በሰማያዊና ግራጫ የሸክላ ማሰሮ የፖም ወይን ይመጣል። ይጎመዝዛል፣ የመጀመሪያው ብርጭቆ ለማንም አይጥምም። ሁለተኛውን እኔ ነኝ የምጋብዘው።