የምሽቱ አራት ሰዓት ድንች

በቨርጂኒያ አንድ የስፖርት ባር ውስጥ የኩሽና ረዳት ሆኜ ስቀጠር የተሰጠኝ ሥራ ድንች ነበር። ማጠብ፣ በሹካ መውጋት፣ ዘይትና ጨው ማሸት፣ ኦቨን ውስጥ መክተት። አሜሪካ ከገባሁ ገና ሰባት ወሬ ነው፤ ከዚህ የቀለለ እንጀራ የትም አይገኝም ብዬ ነበር። ድንች ምን ያደርጋል? አይደማም፣ አይሸትም፣ አይቆጣም።

የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ የአሜሪካ እግር ኳስ የዓመቱ ፍጻሜ በሆነው በሱፐር ቦውል ዋዜማ፣ ይህ ግምቴ ተበላሸ።

ስለ አሜሪካ እግር ኳስ ዛሬም የማውቀው በኩሽና በኩል ያለውን ብቻ ነው። ጨዋታው አራት ጊዜ 15 ደቂቃ ነው ይሉኛል፤ ነገር ግን በየመሃሉ ስለሚቆም ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ትእዛዙ እንደ ዝናብ ወራት ጎርፍ ነው፤ ጨዋታው ሊጀመር ሲል አንዴ ይመጣል፣ በእረፍት ሰዓት ደግሞ የባሰው ይመጣል። በሌላ ቀን እረፍቱ ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በሱፐር ቦውል ግን በመሃል የሙዚቃ ዝግጅት ስላለ ወደ ግማሽ ሰዓት ይጠጋል። ሰው ሁሉ ስለ ዘፋኙ ሲያወራ እኛ የምንሰማው የትእዛዝ ማተሚያዋን ጩኸት ነው። በዚያ ቀን ከዶሮ ክንፍ ቀጥሎ በብዛት የምናወጣው ደግሞ ፖቴቶ ስኪንስ ነበር።

ስሙ ሲተረጎም «የድንች ልጣጭ» ነው፤ ለማያውቀው ሰው የሚጣል ነገር ይመስላል። ድንቹ ከነልጣጩ ተጋግሮ ለሁለት ይሰነጠቃል። ውስጡ በማንኪያ ይፈለፈልና የቀረው ጀልባ የመሰለ ቅርፊት ቅቤ ተቀብቶ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ እንደገና ይጋገራል። ከዚያ ቸዳር ቺዝና ተጠብሶ የደቀቀ ቤከን፣ ማለትም የአሳማ ሥጋ፣ ይሞላበታል። በአሜሪካ ባሮች የተስፋፋው በ1970ዎቹ ነው፤ «እኔ ነኝ የፈጠርኩት» የሚለው ምግብ ቤት ግን ከአንድ በላይ ነው። ማንም ይፍጠረው፣ ቆጣቢ ሰው እንደነበረ አልጠራጠርም። የተፈለፈለው ለተፈጨ ድንችና ለሾርባ ይውላል፣ ልጣጩም ከውስጡ በላይ ይሸጣል።

ዋናዋ ሼፍ የኤል ሳልቫዶር ሰው ናት። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፤ ስትቆጣ ደግሞ ይብሱን ዝግ ይላል። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከመውጣቷ በፊት ሦስት ካርቶን ድንች አሳየችኝ። እያንዳንዱ 50 ፓውንድ ይመዝናል፣ 100 ድንች ይይዛል። ራሰት የሚባለው ዓይነት ነው፤ የአይዳሆ ግዛት የሚታወቅበት፣ ልጣጩ ወፍራምና ሸካራ፣ ውስጡ በስታርች የበለጸገ። ሦስት ነገር ነገረችኝ፤ ሳትሸፍኚ ጋግሪ፣ ከወጣ በኋላ ቶሎ ፈልፍይ፣ በትሪ ላይ ዘርግተሽ ወደ ማቀዝቀዣ ክፍል አስገቢ። ሁለቱን ካርቶን ልክ እንዳለችው አደረግሁ። በሦስተኛው ደከመኝ።

ድካም ብቻ ግን አልነበረም፤ ብልጠትም ነበረበት። ማቀዝቀዣ ክፍሉ በዶሮ ክንፍና በቢራ ተጨናንቋል። አንዲት ትሪ ለማስገባት ሦስቱን ማውጣት ያስፈልጋል። በሌላ ምግብ ቤት ደግሞ በአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልሎ፣ እያብረቀረቀ ከሥጋ ጋር የሚቀርብ ድንች አይቼ አውቃለሁ። ስለዚህ የመጨረሻውን 100 ድንች አንድ በአንድ በፎይል ጠቀለልኩትና ጋገርኩት። ሲበስል ከነፎይሉ ክዳን ባለው ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አጨቅሁትና ከኦቨኑ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ሙቀቱን ይዞ ያድራል፣ ጠዋት ትኩሱን እፈለፍለዋለሁ ብዬ ነው። በሥራዬ እጅግ ኮርቼ ነበር።

በኩሽናው ሕግ የሚቀመጥ ምግብ ሁሉ ስምና ሰዓት ይጻፍበታል። ሰማያዊ ቴፕ ቆርጬ «ድንች፣ እሁድ፣ 4:00» ብዬ ጻፍኩና ክዳኑ ላይ ለጠፍኩ። እሁድ ያልኩት ለእሁድ የሚሆን ለማለት ነው። 4:00 ያልኩት ደግሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት ስለሆነ ነው። ስልኬ 10 ይላል፤ እኔ ግን በስልኬ ሰዓት አልደክምም።

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስገባ ሼፏ ቀድማኝ ቆማለች። ጋሼም እቃ ማጠቢያው ጋ ናቸው። ጋሼ እዚህ አገር ሃያ ዓመት የኖሩ፣ በዚያ ኩሽና ውስጥ አማርኛ የሚያወሩኝ ብቸኛ ሰው ነበሩ። ሼፏ ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበችና ዓይኗ ፈጠጠ።

«ዛሬ በአራት ሰዓት፣ ጎሕ ሳይቀድ መጥተሽ ነው?» አለች። ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። «ጎበዝ! እንግዲያው ከኦቨን ከወጣ አራት ሰዓት አልሞላውም፣ ቶሎ እንፈልፍለውና ወደ ኦቨን ይመለስ።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የእኔን የምሽት አራት እሷ የሌሊት አራት አድርጋ አነበበችው። አንድ ቃል ብናገር ይስተካከላል። አልተናገርኩም። ፈገግ አልኩ። በሰባት ወር ውስጥ ያንን ትከሻ ማንም «ጎበዝ» ብሎ መትቶት አያውቅም ነበር፤ ምክንያቴ ይኸው ነው። ቀና ስል የጋሼ ዓይን ከእኔ ዓይን ጋር ተጋጨ። ወዲያው ወደ ሳሙናቸው ተመለሱ።

ሼፏ ክዳኑን ከፈተች። ፎይሉን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። አንዱን አነሳችና በመዳፏ ጨበጠችው፤ ቆየች። ከዚያ ከደረት ኪሷ ቴርሞሜትር አውጥታ ከሳጥኑ መሃል ያለውን ድንች ወጋችው። ቁጥሩ ወጣ ወረደና 94 ፋረንሃይት ላይ ቆመ።

«ይህ ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት የወጣ አይደለም» አለች፣ በዚያ ዝግ ባለ ድምፅዋ። «በፎይል የተጠቀለለ፣ ሳጥን ውስጥ የታጨቀ ድንች እስካሁን ጣቴን ማቃጠል ነበረበት። ይህ የሰው ገላ ነው። መቼ ነው የወጣው?»

ነገርኳት። በእኛ ዘንድ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ እንደሆነ፣ የእነሱ 10 የእኛ 4 እንደሆነ፣ እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። ስታየኝ ሰበብ እየፈጠርኩ መሰላት። ወደ ጋሼ ዞረች። እሳቸው እጃቸው አረፋ ውስጥ እንዳለ ራሳቸውን ነቅንቀው «እውነቷን ነው» አሉ።

«እንግዲያው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል» አለች። ቀጥላም «መጀመሪያ ስጠይቅሽ ለምን ፈገግ አልሽ?» አለችኝ። ለዚያ መልስ አልነበረኝም፤ እሷም አልጠበቀችም።

መቶውንም ድንች እየገለጥኩ በራሴ እጅ እንድጥል አደረገችኝ። እየጣልኩ ሳለ አጠገቤ ቆማ ያወራችኝን አልረሳውም። በ1994 በቴክሳስ፣ ኤል ፓሶ ከተማ፣ በአንድ ምግብ ቤት ከተጋገረ ድንች የተሠራ ማጥቀሻ 30 ሰዎችን ቦቱሊዝም በሚባል መመረዝ አሳመመ። ከእነሱ አራቱ በመተንፈሻ መሣሪያ ነበር የሚተነፍሱት። ድንቹ በፎይል ተጠቅልሎ ተጋግሮ ከማቀዝቀዣ ውጭ ሳይቆይ አልቀረም፤ በሽታው የመጣውም ከዚያ ነው።

የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። የዚህ በሽታ ተህዋሲ መኖሪያው አፈር ነው፤ ድንች ደግሞ የአፈር ልጅ ነው፤ የቱንም ያህል ብታጥበው ከልጣጩ ላይ አይጠፋም። ራሱን እንደ ዘር ጠቅልሎ ስለሚቆይ የውኃ መፍላት እንኳ አይገድለውም። ኦቨኑ 400 ፋረንሃይት ቢሆንም ድንቹ እርጥብ ስለሆነ ውስጡ ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት አያልፍም። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሲሞት እሱ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው አራት ነገር ነው፤ አየር የሌለበት ቦታ፣ እርጥበት፣ ኮምጣጣ ያልሆነ ምግብና ሙቀት። ፎይሉ አየሩን ዘጋለት፣ ድንቹ እርጥበቱን ሰጠው፣ ሳጥኑ አሞቀው። እኔ በኩራት ያሰናዳሁት የእሱን መኝታ ነበር። መርዙ አይሸትም፣ መልኩን አይለውጥም። ሰውን የሚይዘው ከነርቭ ነው፤ ዓይን ሁለት ሁለት ያያል፣ የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ መዋጥ ይከብዳል፣ በመጨረሻ ደረት መተንፈስ ያቅተዋል።

«በአንድ ሌሊት ምናልባት ማንም አይታመምም ነበር» አለችኝ፤ ልታስፈራራኝ አልፈለገችም። «ግን እኔ በምናልባት ሳህን አላወጣም።» ሕጉንም ነገረችኝ፤ የበሰለ ምግብ ከ135 ፋረንሃይት ወደ 70 በሁለት ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት፣ በቀጣዩ አራት ሰዓት ደግሞ ወደ 41። የእኔው ድንች በዘጠኝ ሰዓት ተኩል 70 አልደረሰም።

አንድ ነገር ደግሞ አሳየችኝ፤ ለእኔ ከበሽታው ወሬ ይልቅ ይኸኛው ነው የቆጠቆጠኝ። ከሚጣሉት አንዱን ገልጣ ልጣጩን በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው። እንደ ረጠበ ወረቀት ተሸበሸበ። ሳይሸፈን ከተጋገረው አንዱን አምጥታ በጥፍሯ መታ ስታደርገው ቋ አለ። ፎይል እንፋሎቱን ስለሚያፍን የምታበስይው በእንፋሎት እንጂ በደረቅ ሙቀት አይደለም። ስለዚህ ድንቹ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ከእሱ ፖቴቶ ስኪንስ አይወጣም ነበር። የደከምኩበት ሁሉ ከመጀመሪያው ከንቱ ነበር ማለት ነው።

የቀረው ፈጣን ነው። ጨዋታው የሚጀመረው በእነሱ ሰዓት ስድስት ተኩል ላይ ስለሆነ ጊዜ ነበረን። አንድ ካርቶን ድንች ተገዝቶ መጣ፤ ዋጋው ከደመወዜ ይቆረጣል ብዬ ስጠብቅ ማንም አላነሳውም።

ሁለተኛውን ዙር ግን አጠገቤ ቆማ ነው ያሠራችኝ። ድንቹን ከኦቨን ካወጣነው በኋላ አሥር ደቂቃ አስጠበቀችኝ፤ እንደወጣ ከሰነጠቅሽው ይቀደዳል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ውስጡ አይላቀቅም። በማንኪያ ስፈለፍል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል እንድተው ነገረችኝ። እኔ በስስት ጠርጌ ሳወጣው ቅርፊቱ ተልፈሰፈሰ፤ የሞላሽበትን መሸከም አልቻለም። ቀልጦ የቀረበ ቅቤ በብሩሽ ውስጡንም ውጩንም ቀባሁ፣ ጨው ነሰነስኩ፣ ኦቨኑን 450 አድርጌ ጀልባዎቹን ገልብጬ አሥር ደቂቃ፣ አቃንቼ ደግሞ አሥር። ከዚያ ነው ቺዙ። ከረጢት ውስጥ ተፈቅፍቆ የሚሸጠውን አትነካም። እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ስታርች ስለሚነሰነስበት እንደ ልብ አይቀልጥም ትላለች። ጥቅሉን በእጄ አስፈቀፈቀችኝ። ቤከኑ ይከተላል፤ ቺዙ እስኪፈላና ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ሦስት አራት ደቂቃ በቂ ነው። ሳወር ክሪም የሚሉት የኮመጠጠ ክሬምና የተከተፈው የሽንኩርት ቅጠል የሚጨመሩት ሳህን ላይ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ኦቨን ውስጥ ሳወር ክሪም ሳስገባ አግኝታኝ የተመለከተችኝን አስተያየት አልገልጸውም።

በየትሪው ላይ ቴፕ ለጠፍኩ። በእነሱ ሰዓት፣ ከነጠዋትና ከሰዓት በኋላው።

በእረፍት ሰዓት ማተሚያዋ ለሃያ አምስት ደቂቃ አላቆመችም። ሦስት መቶው ድንች ስድስት መቶ ጀልባ ሆነ። በሳህን አራት አራት እያደረግን ከመቶ ሠላሳ ሳህን በላይ አወጣን። አንድ ሳህን ብቻ ተመለሰ፤ እሱም ደንበኛው ቤከን ስለማይበላ ነው።

ሌሊት ላይ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ከጋሼ ጋር ትሪ እያጠብን ነበር። እሳቸው ይፈትጋሉ፣ እኔ አለቀልቃለሁ። ብዙ ቆየን ሳንነጋገር።

«ጋሼ፣ ጠዋት ቴፑን ሲያዩት ገብቶዎት ነበር አይደል?»

«ገብቶኝ ነበር እንጂ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

የተጋገረ ቺዝ የተጣበቀበትን ትሪ በሽቦ እየፈተጉ ትንሽ ዝም አሉ። «አንቺው ትናገሪያለሽ ብዬ ነው። እስከ ሃያ ልቁጠርና ካልተናገረች እኔ እናገራለሁ አልኩ በልቤ። አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ቴርሞሜትሩን አወጣች።»

ከዚያ ያንን ሌላኛውን ትሪ አቀብዪኝ አሉኝ።