ማሲንቆው «ሌላ» ውስጥ ገባ

«ሳውንድ ማን ለመሆን ማስተርስ ያስፈልጋል እንዴ?»

ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ቡና ከሚጠጡት ጋሼዎች አንዱ ይህን ሳይጠይቀኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አዲስ አበባ እያለሁ እንጀራዬን የበላሁት ሠርግ ላይ ሚክሰር ጀርባ ቆሜ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ስፒከር ለመትከል፣ ሲጢጥ የሚል ማይክ ዝም ለማሰኘት፣ የሙሽራው አጎት «ጨምረው!» ሲሉ የጨመሩ ለመምሰል በእርግጥም ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም።

እዚህ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምማረው ሙዚቃ ቴክኖሎጂና ዲጂታል ሚዲያ ይባላል። ግማሹ ፊዚክስ ነው፣ ግማሹ ፕሮግራም መጻፍ ነው፣ የቀረው ግማሽ ደግሞ ስቱዲዮ ውስጥ ያልፋል። አዎ፣ ሦስት ግማሽ ነው፤ እንቅልፋችን ነው የሚከፍለው። ድምፅ እንዴት ቁጥር እንደሚሆን እንማራለን። ሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ የተጻፈ ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ሄርትዝ (በሰከንድ 20,000 ንዝረት) ድረስ ስለሚሰማ፣ ያንን ለመያዝ ከእጥፉ በላይ መለካት ግድ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሳውቅ ደስ ይለኛል። ለጋሼዎቹ ግን አይሸጥም።

ትምህርቱ በደንብ የያዘኝ በሌላ በኩል ነው። የተለመዱትን የሙዚቃ ፕሮግራሞች ስትከፍቱ ባዶ ገጽ አታገኙም። ቴምፖው (ፍጥነቱ) በደቂቃ 120 ምት ተብሎ ተቀምጧል። ምቱ አራት በአራት ነው። ኪቦርዱ ኦክታቩን (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን) 12 እኩል ቦታ ከፍሎ ይጠብቃችኋል። ማንም አልጠየቃችሁም። ችክችካ ልሥራ ካላችሁ መጀመሪያ ምቱን ወደ ስድስት በስምንት መቀየር አለባችሁ። እሱስ አንድ ቦታ መጫን ነው፣ ያልቃል።

ቅኝት ላይ ነው ጣጣው። ትዝታ ሜጀርን በነጮቹ ቁልፎች ብቻ መጫወት ይቻላል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ጆሮ አይቆረቁርም። አንቺሆዬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገባም። አዝማሪው ማሲንቆ ላይ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከሁለት ቁልፎች መሃል ነው። ኪቦርዱ «አንዱን ምረጥ» ይላል። እኛም መረጥን፣ ለመድን፣ ስንት ካሴትና ሲዲ በዚያው ተሞላ። አሁን አዝማሪው እንደ አባቶቹ ሲጫወት «ቅኝቱ ወርዷል፣ አስተካክለው» የሚል አቀናባሪ አለ። ስቱዲዮ ውስጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ሴሚስተር የበገና ቅጂ ይዤ ክፍል ገባሁ። ገና እንደጀመረ አንዱ ተማሪ ኬብሉን ሊነቅል ተነሳ፤ የኤሌክትሪክ ችግር መስሎት ነው። በገና እንደምታውቁት ይነዝራል። አውታሩ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁርጥራጮች አሉ፤ ያንን ነዘር የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ይህን ካስረዳሁ በኋላ ቅጂውን ጫጫታ የሚያጸዳ ፕሮግራም ውስጥ ከተትነው፤ ምን እንደሚያደርግ ለማየት። አጸዳው። የተረፈው የደከመ ቤዝ ጊታር ነው። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ግን ቤቴ ስገባ ነገሩ አልለቀቀኝም።

ከዚያ ማሲንቆውን ሞከርኩ። አንድ ዘፈን ስትሰጧቸው ድምፃዊውን፣ ከበሮውን፣ ቤዙን ለየብቻ የሚያወጡ ፕሮግራሞች አሉ። የተለመደው አከፋፈል አራት ሳጥን ነው፦ ድምፃዊ፣ ከበሮ፣ ቤዝ፣ «ሌላ»። አንዳንዱ አምስተኛ ሳጥን ይጨምራል፤ ለፒያኖ። አንድ አዝማሪ እየዘፈነ የሚጫወትበትን ቅጂ ሰጠሁት። የማሲንቆው ግማሽ «ሌላ» ውስጥ ገባ፣ ግማሹ ከዘፋኙ ጋር ተጣብቆ ወጣ። በዚህኛው እንኳን ብዙም አልተናደድኩም። አዝማሪ ማሲንቆውን እንደ ሰው ነው የሚያናግረው፤ ለይቶ ለማያውቅ ማሽን ሁለት ዘፋኝ ቢመስለው አይገርምም። ጉዳዩ ፕሮግራሙ የሠለጠነባቸው ዘፈኖች ውስጥ ማሲንቆ አለመኖሩ ነው።

እንዲህ እያልኩ ሳማርር አንድ መምህር «ስለ ሂዩ ለኬን አንብብ» አለኝ። ለኬን ካናዳዊ የፊዚክስ ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኦታዋ ውስጥ ራዳር ላይ ሲሠራ ቆይቶ፣ 1945 ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ኤሌክትሮኒክ ሳክበት የሚባል መሣሪያ መሥራት ጀመረ። በ1948 ጨረሰው። ኪቦርድ አለው፤ በአንዴ አንድ ኖታ ብቻ ያወጣል። ቁልፉን ጠበቅ አድርጋችሁ ስትጫኑት ድምፁ ይጎላል። ወደ ጎን ስትገፉት ኖታው ከቦታው ይንሸራተታል። በግራ እጃችሁ ደግሞ የድምፁን ቀለም ትለውጣላችሁ።

ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ አልረጋሁም። ወደ ጎን ስትገፉት ይንሸራተታል! ይሄ እኮ አዝማሪ በጣቱ የሚያደርገው ነው።

ከዚያ 1983 ላይ ሚዲ መጣ። ኪቦርድና ኮምፒውተር እስከ ዛሬ የሚግባቡት በእሱ ነው። ኖታው ሁሉ ከ0 እስከ 127 ያለ ቁጥር ሆነ። ማንሸራተት ይቻላል፤ ግን በአንድ ቻናል (መስመር) ላይ ያሉት ኖታዎች በሙሉ ተያይዘው ነው የሚንሸራተቱት። እያንዳንዱ ጣት የራሱን ኖታ ብቻ እንዲያንሸራትት የሚፈቅደው ኤምፒኢ የሚባለው ስምምነት የጸደቀው 2018 ላይ ነው። «ማሲንቆ አንድ አውታር ነው፣ የድሮው ኪቦርድ ላይ ያለው የማንሸራተቻ ዊል ይበቃዋል» የምትሉኝ ኪቦርዲስቶች ትኖራላችሁ። ለአንድ ኖታ ይበቃል። ግን በግራ እጅ ዊል ማዞር ሌላ፣ ኖታውን በያዘው ጣት መግፋት ሌላ ነው። ሞክሩትና ታዩታላችሁ።

ዩኒቨርሲቲያችን 1959 ላይ የካናዳን የመጀመሪያ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስቱዲዮ ሲከፍት፣ ለኬን የሠራቸው መሣሪያዎች ነበሩበት። ሳክበቱ ራሱ ግን ኦታዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሙዚየም ነው ያለው።

እግረ መንገዴን ሌላ ሰው አገኘሁ። ሃሊም ኤል ዳብ፣ ግብፃዊ። 1944 ካይሮ ውስጥ፣ በሽቦ ላይ የሚቀዳ ማሽን ተውሶ የዛር ሥርዓት ቀዳ። የቀዳውን ወደ ስቱዲዮ ወስዶ አስተጋባው፣ ከፊሉን አወጣ፣ ሌላ ነገር አደረገው። በተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ መሥራት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ፓሪስ ነው፤ ፒየር ሼፈር፣ 1948። ኤል ዳብ በአራት ዓመት ይቀድመዋል። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። 1963 ላይ ደግሞ የባህል መሣሪያዎቻችንን አንድ መድረክ ላይ ያሰለፈውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ከልጅነቴ ጀምሮ በስም አውቀዋለሁ። መሥራቹ ማን እንደሆነ፣ ከዚያ በፊትስ ምን እንደሠራ ለማወቅ ግን ቶሮንቶ ላይብረሪ ድረስ መምጣት ነበረብኝ። ይሄኛው አናዶኛል።

አሁን የመመረቂያ ሥራዬ ላይ ነኝ። ማክስ በሚባለው ፕሮግራም፣ በጣት ግፊት የሚንሸራተት ክራርና ማሲንቆ እየሠራሁ ነው። በቅጂ የተሞላ አይደለም፤ ድምፁን ከባዶ በሒሳብ የሚያመነጭ ነው። ክራሩ አላስቸገረኝም። ካርፕለስና ስትሮንግ የተባሉ ሁለት ሰዎች 1983 ላይ ያሳተሙት ዘዴ አለ። አጭር ጫጫታ ትወስዳላችሁ፣ በጣም ትንሽ አዘግይታችሁ ወደ ራሱ ትመልሱታላችሁ፣ በዞረ ቁጥር ትንሽ ታለዝቡታላችሁ። የተመታ አውታር ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ ሲሰማኝ ብቻዬን ጮህኩ።

ማሲንቆው ግን እያንገላታኝ ነው። ደጋኑ የአውታሩን ጭራ ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል፤ ይህ በሰከንድ መቶዎች ጊዜ ይሆናል። አያያዙ ትንሽ ከላላ ድምፁ ፉጨት ይሆንብኛል፣ ትንሽ ከጠበቀ የበር ማጠፊያ። የመጀመሪያው ጭረት፣ ዜማው ሳይጀምር የሚሰማው ያ ሻካራ ነገር፣ ጭራሽ አልመጣልኝም። ቪዲዮ እያየሁ የምሠራው ነገርም አልሆነም።

ስለዚህ ቶሮንቶና አካባቢዋ ያላችሁ የማሲንቆ ተጫዋቾች፦ ሚያዝያ ላይ ነው የማስረክበው። አንድ ከሰዓት ብትሰጡኝ ደጋኑ ላይ ማይክ አስጠግቼ ልቀዳችሁ እፈልጋለሁ። ማይኩም ኬብሉም ከእኔ፣ ክትፎውም ከእኔ። አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ።