ሃንጋሪዎቹን ከግራፌ የሰረዝኩበት ጊዜ

ትናንት ማታ፣ እዚህ ኮዬ ፈጬ መብራት ከመሄዱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የመጀመሪያውን የማላፍርበትን የፒሲኤ ግራፍ፣ ማለትም ሰዎች በዲኤንኤ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ በነጥብ የሚያሳይ ሥዕል፣ ጨረስኩ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። ሶፍትዌር መጫኑ፣ ሂውማን ኦሪጅንስ የተባለውን የብዙ ሕዝቦች የዲኤንኤ ዳታ በሌሊት ጥቅል ማውረዱ፣ ፋይል መቀየሩ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ አልፈዋለሁ።

ያንገላታኝ ሃንጋሪ ነው። ፒሲኤ ከእያንዳንዱ ሰው ዲኤንኤ ወደ 600,000 የሚጠጉ ቦታዎችን ይወስድና ሰዎቹ በብዛት የሚለያዩበትን አቅጣጫ አውጥቶ እያንዳንዱን ሰው አንድ ነጥብ ያደርገዋል። እኔ ነጥቦቹን በቋንቋ ቤተሰብ ቀለም ቀባኋቸው። የሃንጋሪኛ የቅርብ ዘመዶች በምዕራብ ሳይቤሪያ የሚነገሩት ማንሲኛና ሐንቲኛ ስለሆኑ ሃንጋሪዎቹ ወደዚያ ይጠጋሉ ብዬ ጠበቅኩ። እነሱ ግን ከቼኮችና ከክሮኤሺያዎች መሀል ቁጭ አሉ።

ፋይሉ ተበላሽቷል አልኩ። ሦስቱን ዓምድ፣ መለያ፣ ጾታና ሕዝብ፣ ወረቀት ላይ አትሜ ማስመሪያ እያስደገፍኩ ሁለት ሳምንት መስመር በመስመር አመሳከርኩ። ስህተት የለም። ከዚያ የማልኮራበትን አደረግኩ፤ ሃንጋሪዎቹን ሰርዤ ግራፉን ለጓደኞቼ ላክሁ።

ነገሩ የገባኝ አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። የጎረቤቴ እናት ከሦስተኛ ፎቅ የልጅ ልጃቸውን በከምባትኛ ተጣሩ። ልጅቷ ገመድ ዝላይዋን ሳታቆም «አቤት እማማ፣ መጣሁ!» አለች። ከምባትኛ ከኩሽ ቤተሰብ ነው፣ አማርኛ ከሴም። በዚያ ቤት ቋንቋው በሁለት ትውልድ የቋንቋ ቤተሰብ ቀየረ፤ ደማቸው ግን ያው ነው።

ሃንጋሪኛን ያመጡት ማጃሮች የዛሬዋ ሃንጋሪ ወዳለችበት ካርፓቲያ ሜዳ የገቡት እ.ኤ.አ. በ895 ገደማ ነው። ከዘመኑ መቃብሮች በወጣ አጥንት ላይ የተሠራው ጥናት የእነዚህ መጤ ገዥዎች ዘር ከማንሲዎች ጋር የሚጋራው ነገር እንዳለው ያሳያል። አገሩ ግን ሰው ነበረበት፤ ያ ሰው የገዥዎቹን ቋንቋ ያዘ፣ ተጋባ፣ ከ1,100 ዓመት በኋላ የመጤዎቹ የዘር ድርሻ ቀጥኖ ቋንቋቸው ግን ጸንቶ ቆየ።

ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ ነጥቦቹን መጀመሪያ ግራጫ አድርጓቸው። ስም ከጻፋችሁ ዓይናችሁ የሚፈልገውን ነው የሚያየው። አድሚክስቸር የተባለው ፕሮግራም የእያንዳንዱን ሰው የዘር ድርሻ በቀለም ከፋፍሎ የሚያሳይባቸውን ዘንጎች ደግሞ ለጊዜው ተዉአቸው፤ ስንት ቀለም እንደሚኖር የምንወስነው እኛ ነን፣ ከዚያ አንዱን ቀለም «ሕዝብ» ብለን እናምነዋለን። እኔ አሁንም አልፎ አልፎ እከፍታቸዋለሁ፤ ዓይን ይስባሉ።

ሃንጋሪዎቹን መልሼ ግራፉን ለጓደኞቼ እንደገና ልኬያለሁ፣ ለምን እንደሰረዝኳቸውም ጽፌበታለሁ። ቀጥሎ ባስኮች ናቸው፤ ቋንቋቸው በዓለም ላይ የታወቀ ዘመድ የለውም፣ ነጥቦቻቸው ግን ከስፔንና ከፈረንሳይ ሰዎች ብዙም አይርቁም።