ባዶ ዜሮ አይደለም

ዛሬ ሱሉልታ፣ የወተት መሰብሰቢያ መዝገብ ለመጠየቅ በምትሠራው ትንሽ የኮምፒውተር ቋንቋ ላይ ቀኑን ሙሉ የያዘን ባዶ ሴል፣ ማለትም ምንም ያልተጻፈበት የሰንጠረዥ ሳጥን ነው። ጥያቄው እንዲህ ይጻፋል፦

መዝገብ | ወር = ጥቅምት ለይ | በገበሬ መድብ | ሊትር አማካይ አውጣ

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ ይህ ቅደም ተከተል በጣም ያምርበታል፤ መጀመሪያ ዳታው፣ ቀጥሎ የሚደረግበት።

አሁን ጠዋት 6፣ ማታ 4 ሊትር ተጽፎ የማግስቱ ጠዋት ባዶ ቢሆንስ? ባዶውን ዜሮ ብሎ የሚቆጥር ፕሮግራም አማካዩን 3.3 ያደርገዋል፤ የሚዘለው 5 ይላል። መዝጋቢው መጻፍ ስለረሳ ብቻ ላሟ ወተት የቀነሰች ትመስላለች፤ ይህ የሚታለፍ ስህተት አይደለም። ስለዚህ እንደ ኤስኪውኤል (የታወቀው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ከ"እውነት" እና ከ"ሐሰት" ሌላ "አይታወቅም" የሚል ሦስተኛ ውጤት ያስፈልጋል። እሱም የራሱ መዘዝ አለው፦ "ሊትር < 5" እና "ሊትር ≥ 5" የሚያወጧቸው ረድፎች ቢደመሩ መዝገቡን አይሞሉም፤ ባዶዎቹ ከሁለቱም ይወድቃሉ። "ሊትር ባዶ ለይ" የሚል ራሱን የቻለ ትእዛዝ የገባው ለዚህ ነው።

ፊደሉንም አትርሱ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ሦስት ገበሬ ሆነው ይመደባሉ። ሲነጻጸር ብቻ ወደ አንድ ሆሄ ይመለስ፤ ሲታይ ግን ሰውየው ስሙን የጻፈበት ሆሄ አይነካ።