«በፊት እኮ አይግልም ነበር»

የልጃቸውን ላፕቶፕ ሊያሠሩ የመጡ አንድ አባት «በፊት እኮ አይግልም ነበር፣ አንቺ ነካክተሽው ነው» ያሉኝ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ሰውዬው አልዋሹም፣ እውነትም በፊት አይግልም ነበር፣ ችግሩም እሱ ነበር። ግን ይሄን ለማስረዳት የፈጀብኝ ጉልበት ላፕቶፑን ለመሥራት ከፈጀብኝ ይበልጣል።

መገናኛ አካባቢ ላፕቶፕ ጥገና ነው የምሠራው። ልጃቸው የአርክቴክቸር ተማሪ ነው፣ ማሽኑ ዴል ጌሚንግ፣ ኮር አይ 7 10ኛ ጄኔሬሽን፣ ግራፊክሱ ጂቲኤክስ 1650 ቲአይ። ቀን 3ዲ ይሠራበታል ማታ ጂቲኤ ምናምን ይጫወትበታል። መጀመሪያ ላይ ችግሩ ጌም ላይ ብቻ ነበር፣ ግማሽ ሰዓት ከተጫወተ በኋላ ፋኑ ይጮሃል፣ ኪቦርዱ ይግላል፣ ከዛ ላግ ማድረግ፣ መንቀርፈፍ ይጀምራል። በኋላ ግን ጌሙ ቀርቶ ክሮም ለመክፈት እንኳን ቆሞ መጠበቅ ሆነ።

እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ቤት ገብቷል። እዛ መጀመሪያ ፎርማት ተደረገ። አልተሻለውም። ቀጥሎ ተከፍቶ ፔስት ተቀየረ (ሙቀት እንዲያስተላልፍ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ነገር ነው)፣ እሱም አልሆነም። ከዛ «የቦርዱ ፓወር ሴክሽን ሄዷል» ተባለና 18 ሺህ ብር ተጠየቀ። ፎርማት ሲደረግ ደግሞ ባክአፕ አልተወሰደም፣ ያደረገው ሰው «ዲስኩ ላይ የምትፈልገው ነገር አለ?» ብሎ እንኳን አልጠየቀም፣ የልጁ የሴሚስተር ፕሮጀክት አብሮ ሄደ። እኔን ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ይሄ ነው፣ ፎርማት ለሙቀትም ለቦርድም መድኃኒት አይደለም፣ ቢያንስ ሰው ሥራውን ሊያጣበት አይገባም ነበር።

ላፕቶፕ ሲመጣልኝ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቼ ሁለት ቁጥር አያለሁ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀትና የሚሠራበትን ፍጥነት። አንዱን ብቻ ማየት ዋጋ የለውም። ሙቀት ያንቀረፈፈው ማሽን ቁጥሩ ይታወቃል፣ ይሄ ፕሮሰሰር ጣሪያው 100 ዲግሪ ነው፣ እዛ ጋ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ከ4 ጊጋኸርዝ ወደ 2 ምናምን ይወርዳል፣ ሙቀቱ ግን እዛው 95፣ 97 ላይ ይንጠለጠላል። የልጁን ላፕቶፕ ሳይ ሙቀቱ 52 ነው፣ ፍጥነቱ 0.79 ጊጋኸርዝ። ጌም ሲከፈትም 0.79። መደበኛ ፍጥነቱ 2.6 የሆነ፣ ሲለቀቅ እስከ 5 የሚሄድ ፕሮሰሰር ሳይግል እዚህ ከወረደ የያዘው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው።

ሪስታርት አደረግኩት፣ ገና ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ ጽሑፍ መጣ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«እሱ ሁሌ ይመጣል፣ አንዷን ቁልፍ ስነካት ያልፋል።»

ጽሑፉ የሚለው የቻርጀሩን ዓይነትና ዋት ማወቅ አልቻልኩም ነው። በቃ መልሱን ማሽኑ ራሱ በየቀኑ ሲናገር ከርሟል፣ አንብቦ የሰማው የለም። የዴል ቻርጀር ጫፍ መሃሉ ላይ ያለችው ቀጭን ፒን ኃይል አታስተላልፍም፣ ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ ለላፕቶፑ የምትናገረው እሷ ናት። ፒኗ ከተጣመመች ወይም መስመሯ ከተቆረጠ፣ ወይም ቻርጀሩ ኮፒ ሆኖ ውስጡ ያለችው ትንሿ ቺፕ ከሌለች፣ ላፕቶፑ ምን ዓይነት ነገር እንደተሰካበት ስለማያውቅ ባትሪውን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ወደ ታች ይጎትተዋል። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው፣ 65 ዋት ብቻ የሚችል ቻርጀር 130 ዋት ቢጎተትበት ሊቃጠል ይችላል። የልጁ ኦሪጅናል ቻርጀር ተበጥሶበት አባትየው ሌላ ገዝተውለታል፣ ላዩ ላይ 19.5 ቮልት 6.7 አምፒር ይላል፣ ሲያነሱት ግን ቀላል ነው፣ ኮፒ መሆኑ ያስታውቃል። በቴስተር ለካሁት፣ 19.5 ጥርት ብሎ ወጣ። ያኛው ቤትም ለክቶ «ቻርጀሩ ደህና ነው» ያለው በዚ ነው የሚመስለኝ፣ ቴስተር ቮልቱን እንጂ መሃሏ ፒን የምትለውን አይነግርህም። የቤታችንን ኦሪጅናል 130 ዋት ሰካሁበት፣ ያ ጽሑፍ ጠፋ፣ ፍጥነቱ ወዲያው ከ4 አለፈ።

አባትየው አብረው ነበሩ፣ ሲገቡ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ወንዶቹ የሉም እንዴ የኔ ልጅ?» ብለው ነው። ለምጄዋለሁ፣ ግን አይጥመኝም፣ አሁንም አይጥመኝም።

«ጋሼ፣ ቦርዱ ምንም አልሆነም፣ ቻርጀሩ ነው» አልኳቸው።

«18 ሺህ የተባለው?»

«አዎ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ይሄ ላፕቶፕ ተይዞ ነው የቆየው፣ አሁን ሙሉ ጉልበቱን ሲያገኝ ሙቀቱ ይመጣል። ፔስቱ እንዴት እንደተደረገ ስላላየሁት ከፍቼ ላጽዳው።»

«ፔስት ተቀይሮለታል፣ ሁለቴ አልከፍልም።»

የዳያግኖሱን፣ ማለትም ችግሩን ፈልጎ የማግኘቱን ሂሳብ ስነግራቸው ደግሞ «ሰክተሽ ነቀልሽ እንጂ ምን ሠራሽ?» አሉኝና ኦሪጅናል ቻርጀር ፍለጋ ወጡ።

ብዙም ሳይቆዩ ቻርጀሩን ገዝተው ተመልሰው መጡ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዘው፣ «በፊት እኮ አይግልም ነበር፣ አንቺ ነካክተሽው ነው።» ሱቁ ሙሉ ሰው ነው፣ ድምፃቸው ከፍ ብሏል፣ ልጁ አፍሮ አንገቱን ደፍቷል። እኔ ላፕቶፑን እንኳን አልከፈትኩትም፣ አንዲት ብሎን አልነካሁም። ደሜ ፈልቶ ነበር ግን ዝም ብዬ ወንበር ሰጠኋቸው፣ ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርኩት።

መጀመሪያ የድሮውን፣ ያንን ኮፒውን ቻርጀር ሰካሁት። «ጋሼ እቺን ቁጥር ይዩልኝ፣ ሙቀት ናት፣ 52። እቺ ደግሞ ፍጥነት፣ 0.79።» ጌሙን አስከፈትኩት፣ ስክሪኑ ይንቀረፈፋል፣ ሙቀቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ነቅዬ አዲሱን ቻርጀር ሰካሁ። ጌሙ ተለቀቀ፣ ፍጥነቱ ወደ 4 ወጣ፣ ሙቀቱ 80፣ 90፣ ከዛ 99፣ ፋኑ ሱቁን ሞላው፣ ፍጥነቱም ተመልሶ መውረድ ጀመረ።

ትንሽ ዝም ብለው አዩትና «ስለዚ የድሮው ቻርጀር ይሻላል ማለት ነው» አሉ።

አጠገባችን ያሉት ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም የሰውዬው ጥያቄ ከሚያዩት ነገር የተነሳ ነው፣ በአንደኛው ይፈላል በአንደኛው አይፈላም፣ ማንም ቢሆን የማይፈላውን ነው የሚመርጠው። «የተኛ ሰው አያልበውም ጋሼ» አልኳቸው። «በፊት ያልጋለው ስላልሠራ ነው። ሙቀቱ ግን ከመጀመሪያውም ነበር፣ ልጅዎ መጀመሪያ ላግ ያደርጋል ያለው እሱን ነው፣ ቻርጀሩ መጥቶ ሸፈነው።» ልጁ ቀና ብሎ «እሱን እኮ ነው የነገርኩህ አባ» ሲል ነው የተረዱት።

ሌላም ነገር አሳየኋቸው። ከፕሮሰሰሩ ስድስት ኮሮች (የሥራ ክፍሎች) አንዱ 99 ሲሆን ሌላው 82 ላይ ነው። ልዩነቱ እንዲህ ከሰፋ ሂትሲንኩ፣ ሙቀቱን የሚስበው ብረት፣ ፕሮሰሰሩ ላይ እኩል አልተቀመጠም ማለት ነው። ክፈቺው አሉኝ።

ስከፍተው የሂትሲንኩ አንድ ብሎን የለም። ሂትሲንክ ላይ ከብሎኖቹ አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብሎ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም፣ በዛ ተራ ትንሽ ትንሽ እያሉ በሰያፍ ካላጠበቁት አንድ ጎኑ ይነሳል፣ እዚህ ግን ብሎኑ ራሱ የለም። ፔስቱ ነጩ ዓይነት ነው፣ ተዝቆ ተለጥፎ ጠርዝ ላይ ፈሷል፣ በስሱ መሃል ለመሃል ሲሆን ነው የሚሠራው። የግራፊክሱ ሚሞሪ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፓድ ተቀዷል። ፋኑና ሂትሲንኩ መሃል ያለው አቧራ ደግሞ እንዳለ ተጋግሮ ተቀምጧል፣ አልተነካም። ፔስት ቀየርኩ ብሎ ገንዘብ የተቀበለ ሰው አቧራውን እያየ መዝጋቱን ለመረዳት እስካሁን ይቸግረኛል።

እዚህ ላይ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ ላፕቶፕ አይግልም የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። ከተማዋ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ከባህር ዳርቻው ወደ 20 በመቶ ይሳሳል፣ ፋኑ በዛው ዙር ሲዞር የሚገፋው አየር ያንሳል ማለት ነው። አቧራው ሲጨመርበት፣ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጦ ሲጫወቱበት ደግሞ ከሥር የሚገባው አየር ሲዘጋ፣ ምን ይተርፋል? ልጁም ማታ ማታ አልጋ ላይ ነው የሚጫወተው።

አጽድቼ፣ ፓዱን ቀይሬ፣ ከአሮጌ ማሽን ላይ ብሎን ፈልጌ ገጥሜ ዘጋሁት። ጌሙ ላይ ፍሬሙን፣ በሰከንድ የሚታየውን ምስል ብዛት፣ 60 ላይ ገደብኩለት፣ ለግራፊክሱ ትልቅ እረፍት ነው ለዓይን ግን ብዙም አይታወቅም። ከዛ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲጫወትበት ከ84 አላለፈም፣ ኮሮቹም ተቀራረቡ።

ልጁ ሲወጣ ቀስ ብሎ «ፋይሎቼስ?» አለኝ። ሞክሬለት ነበር። ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው፣ ትሪም የሚባለው ነገር ስለሚሠራ ፎርማት ከተደረገና አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነበት በኋላ የድሮው ዳታ ይጠረጋል፣ ሪከቨሪ ሶፍትዌሩ ልጁ የኔ ነው የሚለውን አንድ ሞዴል እንኳን አላወጣለትም። የተረፈው ለጓደኛው በቴሌግራም የላከው ፒዲኤፍ ብቻ ነው። ቻርጀር ይገዛል፣ ፔስት ይቀየራል፣ ያ ልጅ ሌሊት ሌሊት የሠራውን ግን ማንም አይመልስለትም፣ ፎርማት ያደረገው ሰው ደግሞ ዛሬም ሱቁን ከፍቶ ይሠራል።

አባትየው የጽዳቱንና የፔስቱን ሳይከራከሩ ከፈሉ። ዳያግኖሱን ሳነሳ «አይተሽ ለነገርሽኝማ አልከፍልም» አሉ።

«ጋሼ፣ ያኛው ቤት እኮ ሳያይ ነው 18 ሺህ የጠየቀዎት።»

መልስ አልሰጡኝም። ትንሽ ቆዩና ደረሰኙ ጀርባ ላይ ሁለቱን ቁጥሮች እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ፣ በድሮው ቻርጀር 52 እና 0.79፣ በአዲሱ 99 እና 4፣ ከሥሩም የጎደለውን ብሎን። «ለዛኛው ቤት አሳየዋለሁ፣ ፎርማት ያደረገበትንና የፔስቱን ብሬን ይመልሳል» ብለው አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ይሂዱ አይሂዱ አልሰማሁም። የዳያግኖሱን ግን እስካሁን አልከፈሉኝም፣ ሲመጡም እጠይቃቸዋለሁ።